የክረምት እንግዶች፦ የሚሲዮን ጉዞና የአርሲ ደጋ

የአሜሪካና የአውሮፓ ተማሪዎች ለረዥሙ ዕረፍታቸው ሲበተኑ በአርሲ ደጋ ክረምት ይገባል። የጭላሎ ተራራ ጉም ከአሰላ ላይ የሚነሳው አርፍዶ ነው፤ ከአስፋልት የወጣ መንገድ ሁሉ ጭቃ ይሆናል። ገበሬው ስንዴውንና ገብሱን ሲዘራ፣ ቀጥሎም ሲያርም ፋታ አያገኝም። ትምህርት ቤቶች ሰኔ ላይ ተዘግተው እስከ መስከረም አይከፈቱም። የባሕር ማዶ አብያተ ክርስቲያናት ወጣቶቻቸውን ለአንድና ለሁለት ሳምንት አገልግሎት ወደ ድሃ አገር የሚልኩት ግን በአብዛኛው በዚሁ ወቅት ነው። ሊያስተምሩት ያሰቡት ልጅ ከብት ይጠብቃል፤ ሊያግዙት ያሰቡት አባወራ ማሳው ላይ ነው፤ ሊጎበኙት ያሰቡት መንደር መኪና አያስገባም።

የጉዞው ቀን በእንግዳው ዕረፍት መቆረጡ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ስለ ሚሲዮን በጎ ፈቃደኝነት ከሃምሳ ዓመት በላይ የዘለቀው ክርክር ዋና ዋና ጥያቄዎች ሁሉ እዚህ ላይ ይታያሉ። እንግዳውን ማን ጠራው? ሥራውን ማን መረጠው? እንግዳው ከሄደ በኋላስ ሥራው በማን እጅ ይቀራል? ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በ2,400 ሜትር ከፍታ ገደማ ላይ የተቀመጠችው አሰላና ዙሪያዋ ያለው ደጋ ይህን ለመመርመር ይመቻሉ። ዕድሜውን ለሕሙማን የሰጠ መነኩሴም፣ ጥናትና በጀት ይዞ የመጣ ባለሙያም፣ ለአጭር ጊዜ ደርሶ የሚመለስ ጎብኚም በዚህ አካባቢ አልፈዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩ ቀላል የሚባል አይደለም። አሜሪካዊው የሃይማኖት ሶሺዮሎጂ ሊቅ ሮበርት ዉትናው በ2009 ባሳተሙት ጥናት በዓመት 1.6 ሚሊዮን ገደማ የሚሆኑ አዋቂ የአሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት አባላት ለአጭር ጊዜ ተልእኮ ወደ ውጭ አገር እንደሚጓዙ ገምተዋል። ይህ ቁጥር ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ያሉትን ወጣቶች አይጨምርም፤ ኮሪያውያንንና አውሮፓውያንንም አይጨምርም። ለጉዞው የሚወጣው ገንዘብ ከአባላት መዋጮ፣ ከወላጆች ኪስ፣ ከዘመድ ወዳጅ ልገሳ የተሰበሰበ ነው። በቅን ልብ የተሰጠ ገንዘብ በመሆኑም የት እንደሚውል በቁም ነገር ሊጠየቅ ይገባዋል።

ይህን የጠየቀው በጣም የታወቀ ጥናት የተሠራው በሆንዱራስ ነው። ሚች የተባለው ከባድ አውሎ ነፋስ በ1998 አገሪቱን ካፈራረሰ በኋላ ከሰሜን አሜሪካ የመጡ የቤተ ክርስቲያን ቡድኖች ለተፈናቀሉ ሰዎች ቤት ሠሩ፤ የአገሩ ክርስቲያናዊ ድርጅቶችም እንዲሁ ሠሩ። ኩርት ቨር ቢክ የተባለ ተመራማሪ በ2006 ባወጣው ውጤት አንድ የእንግዳ ቡድን ከጉዞው ጋር 30,000 ዶላር ገደማ ያወጣበትን ዓይነት ቤት የአገሩ ሰዎች በ2,000 ዶላር ገደማ ይሠሩት ነበር። ቤት ባገኙት ቤተሰቦች ኑሮ ላይም ቤቱን ማን እንደሠራው ያመጣው ልዩነት አልታየም። ጉዞው የሄደውን ሰው ለዘለቄታው ይለውጠዋል፣ ቸርም ያደርገዋል የሚለው ተስፋም ቢሆን በእጅጉ ተዳከመ፤ ተጓዦቹ አገራቸው ከገቡ በኋላ የሚሰጡት መዋጮ ብዙም አልተለወጠም ነበር።

ከዚያ አስቀድሞ በ1968 ኢቫን ኢሊች የተባሉ የካቶሊክ ቄስ በሜክሲኮ ለአገልግሎት ለተዘጋጁ አሜሪካውያን ተማሪዎች ባደረጉት ንግግር፣ ለማየትና ለመማር ከሆነ እንዲመጡ፣ ለመርዳት ከሆነ ግን እንዲቀሩ ፊት ለፊት ነግረዋቸዋል። ንግግሩ ዛሬም ድረስ ያከራክራል። ለአርሲ ግን የኢሊች ፍርድ እንዳለ አይገጥማትም፤ ምክንያቱም በዚህ ደጋ ላይ እውነተኛ መልካም ሥራ የሠሩ እንግዶች አሉ።

ወደ ኋላ መለስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በነሐሴ 1944 ባወጣው የሚሲዮኖች ደንብ አገሪቱን በሁለት ከፈላት። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በጸናባቸው አካባቢዎች የውጭ ሚሲዮን ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ሊከፍት ይችላል እንጂ መስበክ አይችልም፤ «ክፍት» በተባሉት ግን ይፈቀድለታል። ደቡቡ በአብዛኛው ክፍት ሆነ። በስምጥ ሸለቆው መንገድ ላይ ሚሲዮኖቹ ተከታትለው ሠፈሩ። የሰንበት አክባሪዎቹ አድቬንቲስቶች ከ1947 ጀምሮ በኩየራ ትምህርት ቤታቸውን ተከሉ። ሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን በ1950ዎቹ መጀመሪያ በሻሸመኔ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል አቋቋመ። ከጣሊያን ጦርነት በፊት በከፋ ይሠሩ የነበሩት የኮንሶላታ ካቶሊካውያን ሚሲዮናውያን ደግሞ በ1970 ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው በመቂ፣ እንዲሁም በጋምቦና በሌሎች የአርሲ አካባቢዎች ሥራ ጀመሩ።

ጋምቦ ላይ ትንሽ መቆየት ይገባል። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ዛሬ ምዕራብ አርሲ በሚባለው ዞን የሚገኝ የገጠር ሆስፒታል ነው። መነሻው የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ ነበር። ሥጋ ደዌ ደግሞ የሁለት ሳምንት እንግዳ የሚያክመው በሽታ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1980ዎቹ ጀምሮ የሚመክረው የመድኃኒት ቅንብር እንደ በሽታው ደረጃ ስድስት ወር ወይም አንድ ዓመት ይወሰዳል። ከዚያም በኋላ ነርቩ የተጎዳ እጅና እግር ሕመም ስለማይሰማው በእሳት ይቃጠላል፣ በእሾህ ይወጋል፤ ቁስሉን ማጠብ፣ ጫማ መለካት፣ ማየት፣ መምከር የዕድሜ ልክ ሥራ ነው። ሕመምተኛው ከቤተሰቡና ከመንደሩ የተገለለ በመሆኑም ከመድኃኒቱ እኩል የሚያስፈልገው ስሙን አውቆ የሚጠራው ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ማከም የሚችለው አብሮት የሚኖር ብቻ ነው።

በዚህ ሆስፒታል የአጭር ጊዜ በጎ ፈቃደኞች አልጠፉም። በተለይ ከስፔን የመጡ ሐኪሞች ለዓመታት እየተመላለሱ በሕፃናትና በእናቶች ክፍል፣ በሳንባ ነቀርሳና በሥጋ ደዌ ሕክምና ሠርተዋል። ጉዟቸው ከተለመደው ጉብኝት የሚለየው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ የመጡት ሠራተኛ፣ መዝገብና ባለቤት ወዳለው ተቋም ነው፤ እነሱ ሲሄዱ በሽተኛውን የሚረከበው ነርስ እዚያው አለ። ሁለተኛ የሆስፒታሉን የብዙ ዓመት መዝገብ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር መርምረው በዓለም አቀፍ የሕክምና መጽሔቶች ላይ አወጡት፤ በጽሑፎቹ ላይ የሁለቱም አገር ሰዎች ስም አብሮ ሠፍሯል። በአንድ የገጠር ሆስፒታል ሥጋ ደዌ ምን ያህል እንደሚታይ፣ ምን ያህሉም አካል ጉዳት ካደረሰ በኋላ እንደሚደረስበት ዓለም ያወቀው እንዲህ ባለው ድካም ነው።

ሌላም ነገር አለ። ጋምቦ አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም በሆነበት አካባቢ የሚገኝ የካቶሊክ ሆስፒታል ነው። ለሕክምና የሚመጣውን ሰው ሃይማኖቱን የሚጠይቅ የለም። የአርሲ ሕዝብም ከግማሽ በላይ ሙስሊም ሲሆን ከኦርቶዶክሱና ከጴንጤው ጋር በአንድ ገበያ ይገበያያል፣ በአንድ ዕድር ይቀብራል፣ በደቦና በጅጊ ተጠራርቶ ያጭዳል። ይህን የማያውቅ እንግዳ ብዙ ሊያበላሽ ይችላል። ሕፃናት ሰብስቦ ደብተርና ከረሜላ ካደለ በኋላ የሚሰብክ ቡድን በሳምንቱ መጨረሻ አውሮፕላኑን ይይዛል፤ «ልጄን በእስክሪብቶ ሊገዙብኝ ነው» የሚል አባት ቅሬታውን የሚያቀርበው ግን እዚያው ለሚቀረው ለአጥቢያው መጋቢ ነው። የቀይ መስቀልና የረድኤት ድርጅቶች በ1994 የተስማሙበት የሥነ ምግባር ደንብ ርዳታ ሃይማኖትን ለማስፋፋት መሣሪያ እንዳይሆን ይደነግጋል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27ም የእምነት ነፃነትን ሲያውጅ ይህን ነፃነት በኃይልና በማስገደድ መገደብን ይከለክላል። ተርቦ ለቆመ ሰው ዳቦና ስብከት በአንድ እጅ ሲቀርብለት የምርጫ ነፃነቱ የት ላይ እንደሚቆም ራሳቸው አብያተ ክርስቲያናቱ አበክረው ሊጠይቁ ይገባል።

የሚሲዮን ወዳጆች በተደጋጋሚ የሚያነሱት አንድ የደቡብ ኢትዮጵያ ታሪክ ለዚህ ዳሰሳ ከብዙ ጥናት ይበልጣል። ሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1927 ነበር። የጣሊያን ጦር በ1937 ሚሲዮናውያኑን ከወላይታ ሲያስወጣ ጥለዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። ከነፃነት በኋላ ሲመለሱ ያገኙት ግን 10 ሺህ የሚገመት ምእመን ያላትን ቤተ ክርስቲያን ነው። በእነዚያ የመከራ ዓመታት የሚገረፈውና የሚታሰረው፣ የተራበውን የሚመግበው፣ ቤት ለቤት የሚያስተምረው ወላይታው ራሱ ነበር። ቆይቶም የወላይታ ወንጌላውያን ስንቃቸውን ይዘው፣ ሚስትና ልጆቻቸውን አስከትለው በእግራቸው ወደ ሌሎች የደቡብ አውራጃዎች ሄዱ፤ የሄዱበትን አገር ቋንቋ ተምረው፣ እርሻ አርሰው እየበሉ ለዓመታት ኖሩ። ስለ ሚሲዮን በጎ ፈቃደኝነት ሲወራ በአብዛኛው የሚነሳው ነጭ ወጣት ነው። ደመወዝ ሳይኖረው በባዶ እግሩ የተጓዘው ኢትዮጵያዊ ግን ከማንም ያነሰ በጎ ፈቃደኛ አልነበረም።

ነገሩን በሐሳብ ደረጃ ከሁሉ አጥርተው ካዩት ሰዎች አንዱም ኢትዮጵያዊ ናቸው። ቄስ ጉዲና ቱምሳ በነቀምት የሚሲዮን ሆስፒታል በድሬሰርነት ሠርተዋል፤ የሕክምናንም የስብከትንም ሥራ በእጃቸው ያውቁታል። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሳሉ ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1972 ለሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን አንድ ደብዳቤ ላከች። የምዕራብ ለጋሾች ለልማት ሥራ በቀላሉ ገንዘብ እየሰጡ ለመንፈሳዊው አገልግሎት እጃቸው ማጠሩን ተቃወመች፤ ሰው ሥጋም ነፍስም ያለው አንድ ሙሉ ፍጡር ነውና ለሁለት ተከፍሎ አይረዳም አለች። የደብዳቤው ኃይል ያለው እዚህ ላይ ነው፦ የአፍሪካ ቤተ ክርስቲያን የሚያስፈልጋትን የምታውቀው ራሷ ናት፤ ለጋሹ በራሱ ሚዛን መርጦ ሊሰጣት አይችልም።

በዚያው ዘመን የኬንያው ጆን ጋቱ ለተወሰነ ጊዜ ሚሲዮናውያን ወደ አፍሪካ መምጣታቸውን እንዲያቆሙ ጥሪ አቅርበው ነበር። ጉዲና ጥሪው የተነሳበትን ቁስል ተረዱት፤ ራስን መቻልን አጥብቀው ደገፉ። ሆኖም አብያተ ክርስቲያናት ፈጽመው እንዲለያዩ አልፈለጉም፤ የፈለጉት እኩያ ለእኩያ መደጋገፍን ነበር። በሐምሌ 1979 በደርግ ሰዎች ታፍነው ተገደሉ። ዛሬ የአጭር ጊዜ ቡድን ለመቀበል የምታስብ የአሰላ አጥቢያ ሁሉ ያንን የ1972 ደብዳቤ በጉባኤዋ ብታነብበው ከማንኛውም የውጭ መመሪያ የበለጠ ይጠቅማታል።

ከሃይማኖት ውጭ ያለ አንድ ታሪክም አርሲ ላይ መታለፍ የለበትም። በ1967 የስዊድንና የኢትዮጵያ መንግሥታት የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅትን፣ በሕዝቡ አጠራር ካዱን፣ በአሰላ አቋቋሙ። እንግዶቹ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ውላቸው የዓመታት፣ በጀታቸው የመንግሥት ነው። ማዳበሪያ፣ ምርጥ የስንዴ ዘር፣ የወተት ላም፣ የገበሬ ብድርና የገጠር መንገድ አስገቡ። ምርት አደገ፤ አርሲ የስንዴ አገር ተብላ የምትጠራበት መሠረት ተጣለ፤ የቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከልም የዚያ ዘመን ውርስ ነው። ነገር ግን ስንዴ ትርፍ ሲያመጣ ባለርስቱ ትራክተር ገዝቶ ጭሰኛውን ከመሬቱ ያስነቅለው ጀመር። ፕሮግራሙ የታሰበው ለትንሹ ገበሬ ነበር፤ ጭሰኛውን ይጠብቃል የተባለው ሕግ ግን እስከ አብዮቱ ድረስ ሳይወጣ ቀረ። ጥናት፣ ገንዘብና ዓመታት የያዘ እንግዳ እንኳ የመሬቱን ሥርዓት ሳይነካ በመግባቱ ከሚረዳው ድሃ የተወሰነውን አፈናቅሏል። በአሥር ቀን ጉብኝት የመንደሩን ችግር አውቄአለሁ የሚል ቡድን ይህን ታሪክ አስቀድሞ ሊሰማው ይገባል።

ወደ ሕክምናው እንመለስ፤ ብዙ ገንዘብ የሚፈስሰውም ብዙ ጉዳት የሚደርሰውም እዚህ ነውና። የተለመደው ዓይነት ጉዞ ድንኳን ተክሎ፣ በሁለትና በሦስት ቀን በርካታ ሰው አይቶ፣ ከሻንጣ መድኃኒት አድሎ የሚሄደው ነው። የደም ግፊት ያለባት እናት ለአንድ ወር የሚበቃ ክኒን ይሰጣታል፤ በሁለተኛው ወር የሚከታተላት የለም። የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ልገሳ መመሪያ የሚላከው መድኃኒት አገሩ ሲደርስ ቢያንስ የአንድ ዓመት ዕድሜ እንዲቀረው፣ ተቀባዩም አስቀድሞ እንዲስማማበት ያዝዛል። ኢትዮጵያ በበኩሏ ከ2003 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ዘርግታ ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች፣ በየቀበሌው መድባለች። የትኛዋ እናት ነፍሰ ጡር እንደሆነች፣ የትኛው ሕፃን ክትባት እንደቀረው እነሱ ያውቁታል። እንግዳው ሐኪም ሳያማክራቸው ጎን ለጎን ድንኳን ሲተክል ሕዝቡ የቀበሌውን ጤና ኬላ እንዲንቅ ያስተምረዋል። ይህ ከባዱ ጉዳት ነው፤ በፎቶም አይታይም።

ተቃራኒው ምሳሌ በአገራችን ሞልቷል። አውስትራሊያዊቷ ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ኒውዚላንዳዊው ባለቤታቸው ሬጅናልድ በ1959 አዲስ አበባ የመጡት ለሦስት ዓመት ውል፣ አዋላጆችን ለማሠልጠን ነበር። ጽኑ ክርስቲያኖች ነበሩ። በምጥ ተጎድተው ሽንት የሚያመልጣቸውን፣ ከባልና ከመንደር የተጣሉትን ሴቶች ሲያዩ መሄድ አልቻሉም። በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታሉን ከፈቱ፤ ካትሪን በመጋቢት 2020 በ96 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ እዚሁ ኖሩ። በሆስፒታሉና በክልል ቅርንጫፎቹ ከ60 ሺህ በላይ ሴቶች ታክመዋል። ከቁጥሩ ይልቅ ሊስተዋል የሚገባው ግን ድነው እዚያው የቀሩት ታካሚዎች ሌሎችን አስታማሚ፣ አንዳንዶቹም በቀዶ ሕክምናው ላይ አጋዥ መሆናቸው፣ በ2007ም የአዋላጆች ኮሌጅ መከፈቱ ነው።

በሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታልም ሌላ መንገድ ተሞክሯል። ሆስፒታሉ ሥራ የጀመረው በ2005 ሲሆን አፍሪካውያን ቀዶ ሐኪሞችን ለዓመታት የሚያሠለጥን የክርስቲያን ሐኪሞች ማኅበር ማሠልጠኛ ሆኗል። ለሁለት ሳምንት የሚመጣ የአጥንት ስፔሻሊስት እዚያ ቢላዋውን ብቻውን አይዝም፤ ኢትዮጵያዊው ሠልጣኝ አጠገቡ ቆሞ ይማራል፣ በሚቀጥለው ጊዜም ራሱ ይሠራዋል። የጊዜው ማጠር እዚህ ጉዳት አይሆንም፤ ሥልጠናው የማያቋርጥ ነውና አንዱ እንግዳ ያቆመበትን ሌላው ይቀጥላል። እዚያው ወላይታ ውስጥ ቀይ አፈር በባዶ እግር በመርገጥ የሚመጣውን የእግር እብጠት ለማከም ሚሲዮናዊው ዶክተር ናታን ባርሎው የጀመሩት ሥራም በሳሙና፣ በውኃ፣ በበረኪናና በጫማ የተገነባ ነው። ክሊኒኮቹን የሚያንቀሳቅሱት በአብዛኛው ድነው የተመለሱ ሕሙማን ናቸው። በአሰላም ሕክምናን ከማስተማርና ከምርምር ጋር ያገናኘ የውጭ ትብብር አለ፤ በአርሲ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከጀርመን ዱሰልዶርፍ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሚሠራው የሂርሽ የትሮፒካል ሕክምና ተቋም ሃይማኖታዊ ባይሆንም አብያተ ክርስቲያናት ሊያዩት የሚገባ ጎረቤት ነው።

ስለ ሕፃናት ማሳደጊያ ጉብኝት ለስለስ ብሎ መናገር አይቻልም። ልጆችን ለሁለት ሳምንት አቅፎ፣ ስም አውጥቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ መሄድ ለልጁ ሌላ መለየት ነው፤ ወላጅ ያጣ ልጅ በየክረምቱ አዲስ «እናት» እያገኘ በየመስከረሙ ያጣታል። ጉብኝቱ ገንዘብ ስለሚያመጣም ማሳደጊያው ልጅ እንዳይጎድልበት ይፈልጋል። ኢትዮጵያ ይህን ገበያ በጉዲፈቻ ዘመን አይታዋለች። በ2010 ብቻ ከ2,500 የሚበልጡ ሕፃናት ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ ብዙዎቹ ቢያንስ አንድ ወላጅ በሕይወት ያላቸው እንደነበሩ፣ ወላጆችም የፈረሙትን በትክክል እንዳልተረዱ ኋላ ተጋለጠ። መንግሥት በ2011 ሂደቱን አጠበበው፤ በጥር 2018 ፓርላማው የውጭ ጉዲፈቻን ጨርሶ ዘጋው። በ2009 የወጣው የአገሪቱ አማራጭ የሕፃናት እንክብካቤ መመሪያም ተቋምን የመጨረሻ አማራጭ አድርጎ ዘመድንና ጎረቤትን ያስቀድማል። ለማሳደጊያ የተሰበሰበ የጉዞ ገንዘብ አያት ወይም አክስት ልጁን ቤቷ እንድታሳድገው ቢውል ለአገሪቱ መመሪያም ለልጁም ይቀርባል።

ግንባታና ቀለም ቅብ ከዚህ ያነሰ ጉዳት አለው፤ ግን ሳይነሳ አይታለፍም። በአሰላ ግንበኛ፣ አናጺና ቀለም ቀቢ አይጠፋም፤ የጠፋው ሥራ ነው። ብሩሽ ይዞ የማያውቅ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ከውቅያኖስ ማዶ መጥቶ የመማሪያ ክፍል ሲቀባ የከተማው ቀለም ቀቢ ከአጥር ውጭ ቆሞ ያያል።

ታዲያ የአርሲ አጥቢያዎች ይህን ሁሉ እያወቁ ለምን ይቀበላሉ? ይሉኝታ አንዱ ምክንያት ነው። እንግዳን ከደጅ መመለስ ነውር ነው፤ የሠላሳ ዓመት ወዳጅነት ያላትን የባሕር ማዶ ቤተ ክርስቲያን «ዘንድሮ አትምጡብን» ማለት ደግሞ ከነውርም በላይ ይከብዳል። ሁለተኛው ምክንያት ግልጽ ነው፦ ከጉብኝቱ በኋላ ለጣሪያው ክዳን፣ ለወንጌላዊው ደመወዝ፣ ለአንድ ተማሪ ክፍያ የሚሆን ገንዘብ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ዶሮው ይታረዳል፣ ቡናው ይፈላል፣ አስተርጓሚው ከሥራው ይቀራል። የእንግዳው እንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ አማርኛው ወደ ኦሮምኛ ሲመለስ ግማሹ ቀን ያልቃል። የመስተንግዶው ድካም በየትኛውም ሪፖርት ውስጥ አይገባም። ብዙውን የሚሸከሙትም ሴቶች ናቸው።

መስተንግዶን ራሱን የሥራው መሠረት ያደረገ ልምድ ግን አለ። የአሜሪካ የሰላም ጓድ መንፈሳዊ ድርጅት አይደለም፤ ሆኖም ወደ ኢትዮጵያ ከተመለሰ በኋላ አዳዲስ በጎ ፈቃደኞቹን በአሰላ ዙሪያ፣ እንደ ሁሩታና ኢተያ ባሉ ከተሞች በቤተሰብ ውስጥ እያኖረ ያሠለጥን ነበር። መጀመሪያ ቋንቋ፣ ሽሮና እንጀራ፣ የቤቱ ሥርዓት፤ ሥራው የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ ለሁለት ዓመት ነው። በቡታጅራ አቅራቢያ በየተቦን ያለው ፕሮጀክት መርሲ ደግሞ የተመሠረተው በስደት በነበሩት በማርታ ገብረ ጻድቅና በባለቤታቸው በደመቀ ተክለ ወልድ ነው። ማርታ በንጉሡ ዘመን የመጀመሪያዋ ሴት ሴናተር ነበሩ። ትምህርት ቤቱ፣ ሆስፒታሉና የከብት ማሻሻያው የሚመራው በኢትዮጵያውያን ራእይ ነው፤ ከአሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት የሚመጡ የአጭር ጊዜ ቡድኖችም ባለቤቶቹ ወዳዘጋጁት ሥራ ይገባሉ። በዚህ ደራሲ ዕይታ ነገሩን የሚወስነው የጉዞው ርዝመት ብቻ አይደለም። የሁለት ሳምንት እንግዳ ባለቤት ባለው ቤት ይጠቅማል፤ የሁለት ዓመት እንግዳም ባለቤት በሌለው ቤት ሊያበላሽ ይችላል።

ይህ በተግባር ሲታይ የአሰላ አጥቢያ የምትጠይቀው ነገር አይከብድም። ሐኪም ከሆነ ከሆስፒታሉ ጋር አስቀድሞ ተጻጽፎ፣ የሥራ ፈቃዱን ጨርሶ፣ ወጣት ሐኪሞችን ለማስተማር ይምጣ። የእንግሊዝኛ መምህር ከሆነ ትምህርት በሚከፈትበት ወራት፣ ከመምህሩ ጋር አብሮ ለማስተማር ይምጣ። ሙያ የሌለው ወጣት ከሆነም ለመማር ይምጣ፤ ይህም ክብር ያለው ዓላማ ነው፤ ሻንጣውን ልብስና ከረሜላ መሙላት አያስፈልገውም። ክረምት ላይ ብቻ መምጣት ለሚችለው ደግሞ በየከተማው የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት አለ። የአካባቢው ወጣቶች የአረጋውያንን ቤት ክዳን ይቀይራሉ፣ ችግኝ ይተክላሉ፣ ደም ይለግሳሉ፣ ለታናናሾቻቸው የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣሉ። የመስጊዱም የቤተ ክርስቲያኑም ልጆች እዚያ አብረው ይሠራሉ። የባሕር ማዶው ወጣት በእነሱ ስር ገብቶ ጭቃ ቢያቦካ፣ የሚያዝዘውም የአሰላ ልጅ ቢሆን፣ የጉዞው ገንዘብም በከፊል ለቆርቆሮው ቢውል የአሮጊቷ ቤት መስከረም ሳይጠባ ይከደናል።

የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናትም በአሁኑ ጊዜ ተቀባይ ብቻ አይደሉም። ቃለ ሕይወትና መካነ ኢየሱስ የራሳቸውን ሚሲዮናውያን ከአገር ውስጥ አልፈው ወደ ውጭም ይልካሉ፤ ከአዲስ አበባ ትልልቅ አጥቢያዎች የሚነሱ ወጣቶችም በዕረፍታቸው ለአጭር ጊዜ ወደ ገጠር ይወጣሉ። ቀኑን የሚቆርጠው፣ ሥራውን የሚመርጠው፣ ፎቶውን የሚያነሳው ማን እንደሆነ ከእንግዲህ እነሱም የሚጠየቁበት ጉዳይ ነው። ከአዲስ አበባ በሐምሌ ተነሥቶ በአርሲ ጭቃ የሚጓዘው አውቶቡስ የሚደርሰው ገበሬው ማሳው ላይ ባለበት በዚያው ወቅት ነውና።